ባዶ የዋለው ሞገድ

በአንድ ወቅት፣ ሙት እንደ ወጉ በሚለቀስበት አገር፣ ጥሩወርቅ የምትባል አልቃሽ ነበረች። ቆማ አታለቅስም። ለቀስተኛው ክብ ሲሠራ መሐል ትገባና ትዞራለች፤ ደረቷን ትመታለች፤ ግጥሙን ከእግሯ ጋር ታወጣዋለች። «እግሬ ከቆመ ቃሌም ይቆማል» ትላለች። ስለዚህ ሽቦ ያለው ማይክ ለሷ አይሆንም፤ ይጠልፋታል። የከተማው ባህል አዳራሽ ግን ሽቦ አልባ ማይክ ነበረው። ድምፁ በአየር ሄዶ መቅረጫው ውስጥ ይገባል።

አየሩ እንደ መስኖ ነው ይላሉ የሚያውቁት። ቦይ ቦይ አለው፤ ቦዩን ሞገድ ይሉታል። በአንድ ቦይ ሁለት ሰው ከገባ የማንም ማሳ አይጠጣም። የአዳራሹ ሞገድ ለብዙ ዘመን የአዳራሹ ብቻ ነበር። ኋላ ኮረብታው ላይ የስልክ ማማ ተተከለ፤ ሞገዱም ለማማው ተሰጠ። ስልክም ክፉ አይደለም፤ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ ትጠራበታለች። ማይኩ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ እንቁራሪት ያንቋርር ጀመር።

በዚሁ መሐል ጥሩወርቅን ጉሮሮዋን አመማት። ሐኪሙ አየና፣ «ያበጠው ካልተቆረጠ ይገድልዎታል። ከተቆረጠ ደግሞ ድምፅ አይኖርዎትም» አላት። ለሰኞ ተቀጠረች። ዋዜማው እሑድ የባሏ ሙት ዓመት ነው።

ሦስት ወንዶች ልጆቿን ጠራች። «እሑድ አባታችሁን አልቅሼ እዘጋለሁ። ሙሾዬን የተማረልኝ የለም። ድምፄን ላስቀረልኝ ልጅ ምርቃቴ የሱ ነው። ምርቃት እንደ መሬት አይሸነሸንም፤ ለአንድ ነው» አለች።

«ዛሬውኑ እዚሁ ቤት ለምን አንቀዳሽም?» አለ ትንሹ።

«ሙት በሌለበት ቤት ሙሾ? ማንን ልጥራበት፣ አንተን?»

ሳቁ። ሟርት ነውና መልሰው አማተቡ።

ይህች እናት ልጆቿን ያሳደገችው በአንድ ምክር ነው፦ ያልጨረስኸውን አታውራ፣ አፍ ይበላዋል። ሦስቱም በየፊናቸው ወጡ።

ትልቁ ይርዳው ገበሬ ነው። ሞገድ የሚያድለው መሥሪያ ቤት ዋና ከተማ ነው ሲሉት ተነሥቶ ሄደ። ዘበኛው መለሰው፤ እሱም በማግስቱ ያው በር ላይ ተገኘ። በመጨረሻ ሹሙ ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ ለለቅሶ ሞገድ ተሰጥቶ አያውቅም» አለው ሹሙ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ ሞተው ያውቃሉ? መሞትዎ ግን አይቀርም።»

ሹሙ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ አሰበ። እሑድ ከቀትር እስከ ምሽት ማማው ከአዳራሹ የድሮ ሞገድ እንዲወጣ አዘዘ። ይርዳው እያለቀሰ አመስግኖ አገሩ ገባ። አላወራም።

መካከለኛው አንለይ የአዳራሹ የድምፅ ሠራተኛ ነው። የድሮው ሞገድ መወሰዱን ያውቃል፤ የተወሰደ ይመለሳል ብሎ አላሰበም። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ አየሩን ሲበረብር ሰነበተ። አንዱን ሬዲዮ ይዞታል፣ ሌላውን ማማው። በመጨረሻ ማንም ያልያዘው ጠባብ ሞገድ አገኘ። ማይኩን እዚያ ላይ አዞረው፤ ባትሪው እንዳያልቅም አጠፋው። አላወራም።

ትንሹ ስንሻው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው። አለቃውን ለምኖ፣ ተጣልቶ፣ እንደገና ለምኖ መቅረጫ ያለበትን የጣቢያውን መኪና አስነሣ። የአዳራሹ ማይክ ቢከዳ ብሎ ሌላ ሽቦ አልባ ማይክ ያዘ። እሑድ ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዝም ያለ ሞገድ ፈለገ። ያችን ጠባቧን አገኛት፤ ጭር ብላለች። ያዛት። እሱም አላወራም።

ከቀትር በኋላ አዳራሹ ፊት ያለው ሜዳ በሰው ሞላ። አንለይ ማይኩን እናቱ ደረት ላይ ሰካ። ስንሻውም የራሱን ከጎኑ ሰካ።

«ደረቴን የከብት መቸከያ አደረጋችሁት» አለችና ገባች።

ዞረች። ባሏን አነሣችው፣ አወደሰችው፣ ዳግም ቀበረችው። ሰው ተንሰቀሰቀ። በሁለቱ ልጆቿ ማዳመጫ የገባው ግን ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የሚሰማውን የመሰለ ጩኸት ነው።

«ይሄ የተረገመ ማማ!» አለ አንለይ።

«ይፍረስ አቦ!» አለ ስንሻው ከመኪናው።

ሌላ ሞገድ ልፈልግ ብዬ ባጠፋ፣ እስከዚያ እናቴን ማን ይይዝልኛል አለ አንዱ በልቡ። ሌላውም እንደዚያው አለ። ማንም አላጠፋም። እሷን ማስቆምማ አይታሰብም፤ አልቃሽ ከክብ አትጠራም፣ የተቋረጠ ሙሾም አይቀጠልም። ይርዳው ለቀስተኛው መሐል ሆኖ ያለቅሳል፤ ሁሉ የተሳካ መስሎታል። እሱ ያስለቀቀው ሞገድ ግን ከራሳቸው በላይ ንጹሕ ሆኖ፣ ማንም ሳይገባበት ዋለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከክቡ ወጣች። ከንፈሯ ላይ ደም አለ።

«ተያዘ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልወጣትም።

ሦስቱ ያወሩት ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቦይ ገብተው ኖሯል።

«በድሮው ላይ አልነበርክም እንዴ?» አለ ይርዳው።

አንለይ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

የተቀዳውን ከፈቱት፤ ጩኸት ነው። በሞባይል የቀዳ ሰውም ነበር፤ የያዘው የሕዝቡን ዋይታ ነው። እሷ ከዋይታው በታች ናት፣ አትሰማም። ሰኞ ቆረጧት። ዳነች አሉ።

ከሐኪም ቤት ስትመለስ ልጆቿን በእጇ ጠራች። ቃል ሰጥታለች። በአፏ መመረቅ ባይሆንላት እጇን ልትጭን ነው። ሦስቱም ተንበረከኩ።

«ንጹሑን ሞገድ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ» አለ ይርዳው።

«ብትነግረኝ ምን ነበረ? ከዜሮ ተነሥቼ ሌላ የፈለግሁልሽ እኔ ነኝ» አለ አንለይ።

«አንዱ ቢከዳሽ ብዬ ሁለተኛ ያሰብኩልሽ እኔ ነኝ» አለ ስንሻው። ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም።

እጇን አነሣች። ከሦስቱ ራስ በላይ ያዘችው።

ትልቁ ነው የሚል አለ፤ የተዘጋ በር ያስከፈተ እሱ ነው ይላል። መካከለኛው ነው የሚል አለ፤ ትንሹ ነው የሚልም አለ። ለማንም አይገባም ብሎ የሚነሣም ሞልቷል። ሦስቱም ግን የእናታቸውን ምክር ነው የጠበቁት።

እናንተ ፍረዱ፤ እጇ በማን ራስ ላይ ይረፍ?