የተሳለሙት የመንገድ መጽሐፍ

አትጠገብ፣ «ሐኪሙ ሆስፒታል ሂጂ ብሎ የጻፈልኝ ወረቀት ትራሴ ሥር አለ፤ ወረቀቱን ከያዝኩ ምን ያስቸኩለኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? ወፍጮ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ እትዬ ደብሪቱ የነገሩኝ ይመልስልሽ። እሳቸው ከአማታቸው ነው የሰሙት።

አንድ ሰው ነበረ። ከአያቱ የወረሰው፣ ስለ መንገድ አበጃጀት የተጻፈ የጥንት መጽሐፍ ነበረው። በአገሩ ሁለተኛ የለውም። በቆዳ ማኅደር ከቶ ከራስጌው ሰቅሎታል።

የመንደሩ ሰው ወደ ገበያ የሚወርድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ጎርፍ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። ክረምት ሲገባ መሬቱ ሲናድ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። ሰዉ ፈራና «እስቲ መጽሐፍህ ምን እንደሚል ገልጠህ እይልን» አለው።

ሰውየው በሩን ዘግቶ አነበበ። የመጀመሪያው ገጽ «ድንጋይ ከመደርደርህ በፊት ውሃውን መልስ፤ ከየት እንደሚመጣም ሂደህ እይ» ይላል። መሄድ አላስፈለገውም። የጌሾ ጓሮውን እንዳይነካበት ብሎ የጎርፉን ቦይ ወደ መንገዱ ያዞረው ራሱ ነበር። መጽሐፉን ዘጋው።

በማግስቱ ማኅደሩን አንግቶ ወጣና «ይህ እንዲሁ የሚገለጥ መጽሐፍ አይደለም። ተሳለሙት፤ መንገዱ ይጠበቃል» አላቸው። ማኅደር ያየ ሰው መቼ ይጠይቃል? ገበያተኛው በየቅዳሜው በግንባሩ እየነካው ወረደ። አንዲት ምላሰኛ አሮጊት ብቻ «ጎርፉንስ ማን ያሳልመው?» አለች። ሳቁባት። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ደመና ሲያይ እህል አይወርድለትም። ማን ላይ ይናድ ይሆን እያለ ከመንገዱ በላይ ባለው አጥሩ ሥር ቆሞ ወጪ ወራጁን ያያል።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ አህያ እየነዳች ከገበያ ስትመለስ ዝናቡ ወረደ። መንገዱ መሃል ደርሳለች፤ ከኋላዋ አፈሩ እየተገመሰ ገደል ይገባል። ቀና ብላ አየችውና «አንተ፣ መጽሐፉን አምጣልኝ፣ ልሳለመው!» አለችው።

«መጽሐፉ የሚለው ጌሾህን ቆፍር ነው» አላት። ዶማውን አንስቶ አጥሩን ጣሰ። ጌሾውን እየነቀለ ቦዩን ወደ ራሱ ጓሮ ቀደደው። ውሃው መንገዱን ለቆ በደጁ መጣ።

እንግዲህ አትጠገብ፣ ያ ሰው መጽሐፉን ለሰው ያልገለጠው ስላከበረው አይደለም፤ የሚያዘውን ስለፈራ ነው። አንቺም ወረቀቱን ትራስሽ ሥር ያደረግሽው እንደዚያው ነው። እኔ ሰው አላማም፤ ግን ልብስ ስታሰጪ ግራ እጅሽን እንደማታነሺ ከአጥር ማዶ ሳይሽ ነው የከረምኩት። መፍራትሽን አልነቅፍም፣ እኔም ብሆን እፈራለሁ። የጡትሽ እብጠት ግን ወረቀት አይሳለምም። ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ።

ሚስትየዋ ቤቷ ገባች። አህያው ገደል ገባ። መጽሐፉን ቤት የገባው ጎርፍ አራሰው፤ አንድ ፊደል አልተረፈም። የጌሾው ጓሮ ቦይ ሆኖ ቀረ፤ ሰውየውም እስኪሞት ድረስ በየክረምቱ ሲጠርገው ኖረ። መንገዱ አለ።