የመኪናዋን ሕመም የተናገረው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ በደሴ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ እንድሪስ ይባላል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰባት፣ ጨርቁን ከገበያ የሚያመጣባት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው መሪዋን አልነካም። ስለዚህ የት የት እንደሚያማት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ከጊዜ በኋላ የባለቤቱ የዘሀራ ዓይን እየፈዘዘ መጣ። ሐኪሞች መረመሯትና «አዲስ አበባ ሄዳ በቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገች ጨርሶ አታይም» አሉ። እንድሪስ ከመኪናዋ በቀር የሚሸጠው ነገር አልነበረውም። ከማል የሚባል የመኪና ደላላ ጠርቶ አሳየው።

«ችግር አለባት?» አለ ከማል ዙሪያዋን እየዞረ።

«አለባት እንጂ። ዳገት ላይ ሞተሯ ይሞቃል፤ ራዲያተሯ ውሃ ያፈሳል። ዘይት ትበላለች፤ ጠዋት ስትነሳ ጭስ ታወጣለች። ሁለተኛ ማርሽ አንዳንዴ ይዘላል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ፍሬኗ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ካልረገጥከው አይዝም። እኔ ከከተማ ስለማልወጣ ችዬው ኖሬአለሁ።»

ከማል ሳቀ። «ለእኔ ነገርከኝ፤ ይበቃል። ለገዢ ትንፍሽ እንዳትል! ወፍራም ዘይት እንጨምርባታለን፣ ጭሱ ለጊዜው ይጠፋል። ሞተሯን አሳጥባታለሁ። ሰው ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አሙቀህ ጠብቀኝ። ፍሬኑን ሜዳ ላይ ማን ያውቅበታል? ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሮ ይፈርማል።»

እንድሪስ ነገሩን አልወደደውም። የዘሀራን ዓይን ሲያስብ ግን እሺ አለ።

በሦስተኛው ቀን ደርበው የሚባል መምህር ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር መጣ። መኪናዋ ታጥባ ታብለጨልጫለች። መምህሩ ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳትና ደስ ብሎት ወረደ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር አንወርድም አሉ። ከማል የውሉን ወረቀት በኮፈኑ ላይ ዘረጋ፤ እንድሪስም እስክሪብቶውን ተቀበለ።

ዘሀራ የልጆቹን ጫጫታ ሰምታ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች። «እሰይ፣ ልጆች አሏችሁ! የት ልትሄዱባት ነው?» አለች።

«ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው፤ ልጆቼም የሚማሩት እዚያው ነው። በየቀኑ ሐረጎን እንወርዳለን» አለ መምህሩ።

እንድሪስ የሐረጎን ቁልቁለት ያውቃል። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ገደል፣ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ። እጁ ላይ ያለው እስክሪብቶ ከበደው። በመኪናዋ መስኮት ትንሿ ልጅ እጇን አውጥታ ታውለበልብለታለች።

«መምህር፣ ልጆቹን ያውርዷቸው» አለ እንድሪስ። «ይህች መኪና በሐረጎ አትወርድም።»

ከዚያም ሕመሟን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው። ወፍራሙን ዘይት ሳይቀር ነገረው። የመምህሩ ፊት ተለዋወጠ። «ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ልጆቹን ይዞ ሄደ።

ከማል ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለ። «ገዢ አይደለም ያባረርከው፤ የሚስትህን ዓይን ነው! ከእንግዲህ ሌላ ደላላ ፈልግ!»

እንድሪስ ወደ ዘሀራ ዞረ። «ይቅር በይኝ» አላት። «መጀመሪያ ልዋሻቸው ነበር። አሁን ደግሞ አንቺን ጎዳሁሽ።»

ዘሀራ እጁን ፈልጋ ያዘችው። «እነዚያን ልጆች ገደል ሰድደን ብንሄድ ኖሮ፣ በዳነው ዓይኔ ምኑን አይበት ነበር? ደግ አደረግህ። ሌላ ሰው ይመጣል።»

ሌላ ሰው መጣ፤ ሰምቶ ሄደ። ከዚያም ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ። እንድሪስ ለሁሉም ያንኑ ይናገራል። የሰፈሩ ሰው «ይህ ሰውዬ መኪና ነው የሚሸጠው ወይስ በሽታ?» እያለ ሳቀበት። የዘሀራም ዓይን በየቀኑ እየደከመ ሄደ። እንድሪስ ልብስ እየሰፋ ብዙ ጊዜ መርፌው ጣቱን ወጋው፤ ሐሳቡ እዚያ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ መምህር ደርበው ተመልሶ መጣ። ገረመው የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ይዞ ነበር።

«አሥራ አንድ መኪና አየሁ» አለ መምህሩ። «የአሥራ አንዱም ባለቤቶች ምንም እንከን የላትም አሉኝ። ጋሽ ገረመው ሲፈትሿቸው ግን አንዷ ሻንሲዋ ተሰብሮ ተበይዷል፣ ሌላዋ ሞተሯ አልቋል። እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። እስቲ እናያት።»

ጋሽ ገረመው ግማሽ ቀን ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ዋሉ። ሲወጡ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ሰውዬው ከነገረህ ሌላ ምንም የለባትም» አሉ። «ፍሬኑን እንዳለ እቀይረዋለሁ፤ ራዲያተሩን አስበይዳለሁ፤ ዘይት የሚያስበላትንም ማርሹንም አስተካክላለሁ። ዋናው አካሏ ጤነኛ ነው። የማላውቀው በሽታ ነው እኔን የሚያስፈራኝ፤ የዚህችን አውቄዋለሁ።»

እንድሪስ ለጥገናው የሚሆነውን ከዋጋው ላይ ቀነሰ። ተጨባበጡ። መምህሩ መኪናዋን በቀጥታ ወደ ጋራዥ ወሰዳት፤ ፍሬኗ ሳይቀየር አንድም ልጅ አላስገባባትም። ዘሀራም በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሄደች፤ ኦፕራሲዮኑም ተሳካላት።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት እንድሪስ ሱቁ ውስጥ ሱሪ እየሰፋ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ደርበው ነበር።

«ሐረጎ ላይ ነን። ኩርባውን ስዞር ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ተገልብጧል። ፍሬኑን ረገጥኩት። ያዘ! ክንድ የማይሞላ ሲቀረን ቆመች! ልጆቹም ባለቤቴም ደህና ናቸው፤ ሁላችንም ደህና ነን!»

እንድሪስ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ መንገድ ወጥቶ ሮጠ። «ቆመች! ቆመች!» እያለ ይጮኻል።

ከማል ከመንገዱ ማዶ ሰማው። «ምነው እንድሪስ! የሸጥካት መኪና መንገድ ላይ ቆመች ብለህ ትጨፍራለህ እንዴ?» አለው።

«አዎ፣ እጨፍራለሁ! መቆም ባለባት ቦታ ቆመች! አምስት ነፍስ ይዛ ቆመች!»

ነገሩን ሲሰሙ ባለሱቆቹ ሁሉ ወጡ። ዘሀራ ከቤቷ ደጃፍ እልልታዋን አቀለጠችው። ከማልም አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ መንገዱን ተሻገረና የእንድሪስን እጅ ጨበጠ።

ወዳጆቼ፣ ያገለገለ መኪና እንከን አያጣም፤ የኖረ ሰውም እንዲሁ። የተነገረ እንከን መካኒክ ያገኛል፣ ይጠገናል። የተሸፈነው ግን ቁልቁለቱ ላይ ይጠብቀናል፤ ያውም ብዙ ጊዜ እኛን ሳይሆን ያመነንን ሰው። እንድሪስ እውነቱን ሲናገር የሚያጣውን እንጂ የሚያተርፈውን አያውቅም ነበር፤ ታማኝነት የሚባለውም ይኸው ነው። እርስዎስ? ለሌላ ሰው ሊያስረክቡት ባሰቡት ነገር ላይ፣ መኪናም ይሁን ቤት ወይም ሥራ፣ ሳይናገሩ የቀሩት ሕመም አለ? ካለ ዛሬውኑ ይንገሩት።