የንቦቹ ድርሻ

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። አይ አድማሱ፣ ጥያቄህን መሸሼ አይደለም። «አጎቴ፣ በየዓመቱ ከደኑ ስንመነጥር ዝናቡ አልቀረብንም፤ ዘንድሮ እስከ ወንዙ ብመነጥረው ምን ይመጣል?» አልከኝ። እሱኑ ነው የምመልስልህ። መጥረቢያህን አስቀምጥና ቁጭ በል።

ይህ ሰው ትልቅ ዛፍ ላይ የተሰቀለ፣ ከአባቱ የወረሰው ቀፎ ነበረው። ንቦቹን ከመውደዱ የተነሣ ዛፉ ሥር ቆሞ እንዴት አደራችሁ ይላቸዋል። አባቱ ሲሞት፣ «ማር ስትቆርጥ ከኋላ ያለውን አምስት የማር እንጀራ እንዳትነካ፤ የክረምት ስንቃቸው ነው» ብሎት ነበር።

አንድ ዓመት እንግዳ በዛበትና ከአምስቱ አንዱን ወሰደ። ንቦቹ ምንም አልሆኑም። በዓመቱ ሁለተኛውን ወሰደ፤ አሁንም ደህና ናቸው። ንብ እንደሆነች ሲጎድልባት አትናገርም። ልጁን ሊድር ሲል ደግሞ ጠጅ እንዳያንሰው ፈራ። ሚስቱ፣ «ኧረ ተው፣ ለነሱም ይቅርላቸው» አለችው።

«እስካሁን ምን ሆኑ?» አላትና ዛፉ ላይ ወጣ። አንዲት እንጀራ ብቻ ትቶ ወረደ።

ሠርጉ አማረ። ክረምቱ ገባና ንቦቹ ተራቡ፤ ብዙዎቹ ሞቱ። የተረፉት ቀፎውን ለማሞቅ አነሱ፣ እጮቹም በብርድ አለቁ። የሚጠብቅ ሲጠፋ ጉንዳን ገብቶ የቀሩትን ይጨርስ ጀመር። ሰውየው ይህን ሲያይ ከጎረቤት አምስት እንጀራ ማር ለምኖ ዛፉ ላይ ወጣ። «እንኩ የኔ እናቶች፣ ድርሻችሁ ይኸው» አላቸው። ማሩ ተመልሷል፤ የምትበላው ንብ ግን የለችም። ዛፉ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ።

ደናችንም እንዲሁ ነው፣ ልጄ። ደኑ የጠጣውን ውሃ ወደ ሰማይ ይመልሳል፣ ሰማዩም መልሶ ያጠጣዋል። ደኑ ሲሳሳ ዝናቡ ያንሳል፤ ዝናቡ ሲያንስ ያልቆረጥከውም ይደርቃል። ያኔ ችግኝ ብትተክል የሚያጸድቅልህ ዝናብ ከየት ታመጣለህ? የትኛዋ ዛፍ ስትቆረጥ ዝናቡ እንደሚያበቃ እኔም አላውቅም። የምፈራውም ለዚህ ነው።

ለልጆችህ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሰው ለልጁ ብሎ ነው። አባቴ ነበር፤ የዳራትም ልጅ እናትህ ናት። ባዶ ቀፎው ወንዙ ዳር እስከ ዛሬ ተሰቅሏል፣ ሄደህ እየው።

መሬት ካነሰህ ከኔ ማሳ ግማሹን እረስ። ደኑን ግን ተውልኝ።