ሥራው ተው ማለት የሆነ ጠባቂ

«አንድ ሰው ነበረ፤ ማሽላ ዘርቶ በየማማው ጠባቂ ያስቀመጠ።»

ሐኪሙ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ይህን ለአንድ ግንበኛ ሲነግረው ሰምቻለሁ፤ እንዳይጠፋብኝ ጻፍኩት። ግንበኛው እጁ በሲሚንቶ ቆስሎ፣ «ሃያ ዓመት የዳበስኩት ሲሚንቶ ዛሬ ምነው ከዳኝ? ደሜ ደክሞ ነው? ሙያዬን ላቁም እንዴ?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

የዚያን ማሽላ የዘራ ሰው አዝመራ ባለፈው ዓመት የግሪሳ መንጋ ጨርሶበታል። ዘንድሮም ከጠፋ ልጆቹ የሚቀምሱት የለም። ስለዚህ ጠባቂዎቹን «ክንፍ ያለው አንድም እንዳያልፋችሁ» አላቸው። እነርሱም ታዘዙ። ርግብ ስታልፍ ወነጨፉ፤ ቢራቢሮ ስትታይም ወነጨፉ። አንዱ «መጣ!» ካለ ሁሉም ይጮኻል፤ ድንጋዩ እንደ በረዶ ይወርዳል። ወፍ ያልነካው ማሽላ በገዛ ጠባቂዎቹ ድንጋይ ዛላው እየተሰበረ ይረግፍ ጀመር።

ጎረቤቶቹ «አባርራቸው!» አሉት። እሱ ግን ግሪሳን አይረሳም። ከጠባቂዎቹ መካከል በዕድሜ የገፋውን ጠራና ወንጭፉን ተቀበለው። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራህ ተው ማለት ነው» አለው።

ሽማግሌው ከማማ ማማ መዞር ያዘ። የተነሣውን ክንድ ይይዝና «ተው! ለቢራቢሮ ድንጋይ?» ይላል።

«አያ፣ ዓይንዎ ፈዝዟል!» ብለው ሳቁበት።

«ፈዝዟል። የወደቀውን ዛላ ግን አያለሁ።»

ሳቁ ቆመ። እያደር ድንጋዩም ቀነሰ፤ የተረፈው ማሽላ ፍሬውን ሞላ።

አንድ ጠዋት ሰማዩ ጠቆረ። ግሪሳ! ጠባቂዎቹ ወንጭፋቸውን አንሥተው ሽማግሌውን አዩት። ተው አላለም። ያን ጊዜ ወንጭፉ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ፤ መንጋው አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ ተመለሰ። በዚያ ዓመት ጎተራው አልበቃ ብሎ፣ እልልታው ከወንዝ ማዶ ተሰማ።

ባለቤቴ ወደ ግንበኛው ዞረ። «እርሻው ቆዳህ ነው፤ ቢራቢሮዋም ሲሚንቶው ውስጥ ያለች ቅንጣት ናት። ደምህ አልደከመም፤ በውስጡ ያሉት ጠባቂዎችህ ከስንት ዓመት በኋላ ቅንጣቷ ጠላት መስላቸው ነው የገዛ ቆዳህን የሚወግሩት። ከእነርሱው መካከል ግን ተው የሚሉም አሉህ፤ ባይኖሩማ መላ ገላህ በነደደ ነበር። ስለዚህ ጓንት አጥልቅ፣ የማዝልህን ቅባት አታጓድል፣ ተው ባዮችህን አግዛቸው። ማን ነው ሙያህን አቁም ያለህ? ይህ እጅ ገና ስንት ቤት ያቆማል!»