የሐመልማል ካርድና የድንበሩ ሰርቨር

ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ወሬ የያዘ ወሬውን ያቁም።

ሸንኮሬ በምትባል ከተማ አበዛሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ልጅ ብቻ አለቻት፣ ሐመልማል። ሐመልማል አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትፈተናለች። ለመፈተን ደግሞ አንዲት ወረቀት ታስፈልጋታለች፤ የመፈተኛ ካርድ። ያለ ካርድ በሩን የሚያልፍ የለም፤ ዘበኛው አጎቷ ቢሆን እንኳ አያስገባትም። ዛሬ ካመለጣት ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ ልትል ነው። ካርዱ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ይወጣል ተብሏል። አበዛሽ "አንቺ አጥኚ፤ እኔ አሳትሜ መጣሁ" ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። የፈለገችው ይህችን አንዲት ወረቀት ነው፣ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የከተማው ኮምፒውተር አዋቂ ድንበሩ ይባላል። ቀድሞ ትምህርት ቤቱም፣ ማዘጋጃ ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም ገጻቸውን በየራሳቸው ማሽን ላይ ያስቀምጡ ነበር። ድንበሩ አንዱን ጠግኖ ወደ ሌላው ሲሮጥ ጫማው አለቀ። በመጨረሻ ሁሉንም ለቃቅሞ በሱቁ ጓዳ አንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ አሰፈራቸው። "አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍ!" እያለ ከተማውን ዞረ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም ተገላግሎ ነበር።

አበዛሽ ስትደርስ የሱቁን ደጃፍ ተፈታኝ ሞልቶታል።

"ድንበሩ ወንድሜ፣ የሐመልማልን ካርድ አትምልኝ።"

"ምኑን ላትመው እታለም? ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም። ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ገጹ አይከፈትም።"

"ጄኔሬተርህስ?"

"ቤንዚን ጨርሷል። እነዚህን ልጆች ጥዬ እንዳልሄድ ደግሞ ሱቁን ያፈርሱብኛል።"

ካርዱ ያለ ገጹ አይወጣ፣ ገጹ ያለ ሰርቨር አይከፈት፣ ሰርቨሩ ያለ ጄኔሬተር አይበራ፣ ጄኔሬተሩ ያለ ቤንዚን አይነሳ፤ ሐመልማልም ያለ ካርድ አትገባ። "በል ጄሪካኑን ስጠኝ" አለች አበዛሽ።

ማደያ ደረሰች። ቀጂው ጄሪካኑን ሲያይ ገና ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ።

"እናቴ፣ በጄሪካን ያለ ደብዳቤ አንቀዳም። መመሪያ ነው።"

"ልጄ ፈተና አለባት እኮ!"

"ይቅናት፣ እግዜር ይርዳት። ደብዳቤ ግን ያምጡ።"

ካርዱ ያለ ገጹ አይወጣ፣ ገጹ ያለ ሰርቨር አይከፈት፣ ሰርቨሩ ያለ ጄኔሬተር አይበራ፣ ጄኔሬተሩ ያለ ቤንዚን አይነሳ፣ ቤንዚኑ ያለ ደብዳቤ አይቀዳ፤ ሐመልማልም ያለ ካርድ አትገባ። አበዛሽ ባዶ ጄሪካኗን እያንጓጓች ወደ ማዘጋጃ ቤት ገሰገሰች።

የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ደግ ልጅ ናት፤ ደብዳቤውን በእጇ ጻፈችላት። "ግን ማህተም ካላረፈበት ማንም አያየውም። ማህተሙ አቶ ጓንጉል ጋ ነው" አለቻት።

አቶ ጓንጉል ማህተሙን ከመሳቢያ አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ ከፍ አደረጉት፤ አበዛሽም ትንፋሿን ዋጠች። ማህተሙ አየር ላይ ቆመ።

"የወጪ ቁጥሩ የታለ? ያለ ቁጥር አልመታም።"

"ቁጥሩን ማን ይሰጣል ጌታዬ?"

"መዝገቡ ነዋ።"

"መዝገቡስ የት ነው?"

አቶ ጓንጉል ደረታቸውን ነፉ። "ድሮ መደርደሪያ ላይ ነበር። አሁን ዘምነናል፤ የድንበሩ ሰርቨር ላይ ነው!"

ካርዱ ያለ ገጹ አይወጣ፣ ገጹ ያለ ሰርቨር አይከፈት፣ ሰርቨሩ ያለ ጄኔሬተር አይበራ፣ ጄኔሬተሩ ያለ ቤንዚን አይነሳ፣ ቤንዚኑ ያለ ደብዳቤ አይቀዳ፣ ደብዳቤው ያለ ማህተም አይሄድ፣ ማህተሙ ያለ ቁጥር አይመታ፣ ቁጥሩ ያለ ሰርቨር አይገኝ! አበዛሽ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ዕንባዋ ተከተለ። ስድስት ሰዓት አልፏል። ሐመልማል ሌሊት ሌሊት ስታጠና የኖረችው ለዚህ ነው?

ዕንባዋን ስትጠርግ ከመንገዱ ማዶ አንድ ነገር ዓይኗ ላይ አበራባት። የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ወርቄ ናቸው። ድንበሩ የእድሩንም መዝገብ ወደ ሰርቨሩ ላዛውር ብሎ ሦስት ጊዜ ለምኗቸዋል፤ ሦስት ጊዜም እምቢ ብለውታል። "እድር የሚፈለገው ሰው ሲሞት ነው። ሰው ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሞታል" ነበር ያሉት። ያን ጊዜ ያልሳቀባቸው የለም። አበዛሽም ስቃለች።

አሁን ግን እየሮጠች ገባች። ጋሽ ወርቄ በፀሐይ ከምትሠራው ትንሿ ማሽናቸው ቀና አሉ።

"አበዛሽ ልጄ! ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተ ጋሽ ወርቄ!" ብላ ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

ጋሽ ወርቄ መነጽራቸውን አስተካክለው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። "ለአባል፣ በሐዘን ወይም በጭንቅ ጊዜ፣ ይላል። አንቺም አባል ነሽ፣ ድንበሩም አባል ነው። ተጨንቀሻል?"

"ሞቻለሁ እንጂ!"

"ጭንቅ ብዬ ልጻፈው።" ማሽኗን ነካ ነካ አደረጉና ቁጥር አወጡ፤ አሥራ አራት። ደብዳቤውን ጻፉ፣ የእድሩን ማህተም ቷ አደረጉበት። አበዛሽ ደብዳቤውን ይዛ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ወደ ማደያው በረረች።

ቀጂው የእድሩን ማህተም ገና ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" አለ። "አሜን" አለች አበዛሽ፤ ለማስረዳት ጊዜ የላትም።

እንግዲህ ቁጥሩ ማህተሙን አስመታ፣ ማህተሙ ደብዳቤውን አስኬደ፣ ደብዳቤው ቤንዚኑን አስቀዳ፣ ቤንዚኑ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ ጄኔሬተሩ ሰርቨሩን አበራ፣ ሰርቨሩ ገጹን ከፈተ፣ ገጹ ካርዱን አወጣ። ደጃፉ በእልልታ ተናጋ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሐመልማል ካርዷን ይዛ በሩን አለፈች። አበዛሽም ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። እፎይ!

የሌሎቹንም ልጆች ካርድ ፈተናው ሳይጀመር አትሞ ሲጨርስ ድንበሩ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆኗል።

"የትምህርት ቤቱን ለትምህርት ቤቱ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ለማዘጋጃ ቤቱ ልመልስ ነው እታለም። እንደገና መሮጤ ነው።"

"አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍ ስትል፣ ቁልፉን እዚያው ቤት ውስጥ ቆልፈህበት ነበር እኮ" አለችው። ተሳሳቁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሐመልማል ፊቷ በርቶ ወጣች። እናቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ከዚያ አፍንጫዋን ሸብሸብ አደረገች።

"እማዬ፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸቻለሽ። የት ዋልሽ?"

"ካርድ ሳሳትም" አለች አበዛሽ።

ተረቴም እዚህ ላይ አለቀ። ያን ሁሉ ሰንሰለት ስጎትት ጉሮሮዬ ደርቋልና፣ በሉ ውሃ አቀብሉኝ።