ጭስ ያልወጣበት ቤት

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ዓመት ሙሉ ጭስ ያልወጣበት ቤት ባለቤት የለውም» አሉ የአገሩ ሹም ግራዝማች አየልኝ፣ ደጃፏ ላይ እንደ ግንድ ተገትረው።

ሴትዮዋ ድንበር ተሻግራ ለነጋዴዎች ወጥ ስትሠራ ከርማ ገና መመለሷ ነበር። ጓዟን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችም። ግራዝማች ግን ቤቱን ለአማቻቸው ሊሰጡት ቃል ገብተዋል።

«ለእንጀራዬ ብወጣ አገሬን ለቀቅሁ ማለት ነው፣ ጌታዬ?»

«ርቆ የከረመ የአገሩ ሰው አይደለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ ለእኔም ቢሆን።»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሰማል። ሴትዮዋ ይህችን ቃል ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ፈገግ አለች።

«እንዲያ ከሆነ መልካም። እርስዎ ለዚህ ሹመት ከነባለቤትዎ ከተማ ወርደው ሁለት ዓመት ደጅ ሲጠኑ፣ ከቤትዎ ጭስ ወጥቶ አያውቅም። ቁልፉን ያስቀመጡት እኔ ዘንድ ስለነበር አውቃለሁ። በሕግዎ ከሄድን እርስዎም ለአገሩ እንግዳ ነዎት። እኔ ደግሞ እንግዳ ደጅ ላይ አላቆምም። ይግቡ፣ እግርዎን ልጠብዎ። እሳትም ላንድድና ጭሱን አብረን እንየው።»

አንዱ ጎረቤት ሳቁን በጋቢው አፈነ። ግራዝማች ኩታቸውን ሰብስበው ቁልቁለቱን ወረዱ።