ያልተራገፈው ጋቢ

አንድ ጭቃ ሹም ነበረ፤ መንደሩን የሚያስተዳድር፣ ቅን ሰው። በአገሩ የሰው ቤት እንዲሁ አይፈተሽም። ፈታሹ ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ያቆምና ጋቢውን አውልቆ ፊታቸው ያራግፋል። ባዶ እጁን መሆኑ ከታየ በኋላ ይገባል።

አንድ ቀን፣ ተጠልፋ የጠፋች ልጃገረድ ከአንድ ቤት ውስጥ ስትጮኽ ሰማ። ሽማግሌዎቹ ወንዝ ማዶ ለቅሶ ሄደዋል። ልግባ አልግባ እያለ ሲያመነታ ቆየ፤ ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ ግን በሩን ሰብሮ ገባና አወጣት። አገር መረቀው። ሽማግሌዎቹም፣ «እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሲገጥምህ እኛን አትጠብቅ» አሉት። ደስ አለው። ማንስ ቢሆን ደስ አይለውም?

ከዚያ በኋላ አንድ ገበሬ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ጥርጣሬው በድንበር ሲጣላው በኖረ ጎረቤቱ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ያን ዕለት ሩቅ አልነበሩም፤ ቢጠራቸው ከሚሰሙበት ማሳ ላይ ያርማሉ። ጭቃ ሹሙ ግን «ከነፍስ የከበደ ምን አለ?» ብሎ ብቻውን ጎረቤትየው ቤት ገባ። ጎተራው ውስጥ እጁን ቢከት፣ ደም የደረቀበት ጩቤ አገኘ።

ይዞት ሲወጣ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤትየው ጩቤውን አየና፣ «ጋቢህን አራግፈህ ነበር?» አለው።

ጭቃ ሹሙ ግራ ገባው። ያገኘው በገዛ እጁ ነው። አሁን ጋቢውን አውልቆ ቢያራግፍ ትንሽ ገለባ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ «ያላየነውን አንምልም» አሉ። ጎረቤትየው በነፃ ቤቱ ገባ። የሟች እናት የጭቃ ሹሙን እጅ ይዛ፣ «ታዲያ ልጄን ማን ገደለው?» አለችው።

ጭቃ ሹሙ ጩቤውን እንደያዘ ወደ ቤቱ አዘገመ። ያን ጊዜ ሲገባ ተመረቀ፤ ዛሬ ሲገባ ምን አጠፋ? ሲያወጣ ሲያወርድ ኖረ እንጂ አልገባውም።

ይኸውልህ ሽብሩ ልጄ። ከፖሊስ ማሠልጠኛ መጥተህ፣ «ለከባድ ወንጀል ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንድንበረብር ተፈቅዶልናል፤ ይህ ሥልጣን ደግ ነው ክፉ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጅቷን ሳስብ ደግ ነው እላለሁ፤ እናቲቱን ሳስብ እፈራለሁ። እኔም እንደ ጭቃ ሹሙ ግራ ይገባኛል፤ አልዋሽህም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ያንተ ሽማግሌ ዳኛው ነው፣ ትእዛዙም የጋቢህ መራገፍ። ብትጣራ የሚሰማህ ከሆነ ጥራው። አለዚያ ገዳዩን በእጅህ ይዘህ፣ ለእናትየው የምትመልሰው ታጣለህ።